የአሥራ ሦስተኛው ወር መብራት

አልታየሽ የምትሠራው ምኩራብ ውስጥ ነበር። ይህን ስል አገር ቤት ያለ ሰው ይስቃል። እኛ ምኩራብን የምናውቀው ከዐቢይ ጾም ሦስተኛ እሑድ ነው፤ ጌታ ጅራፍ አንሥቶ ነጋዴ ካባረረበት ወንጌል። እሷ ግን በሳምንት አራት ቀን ከስቶክዌል ተነሥታ፣ በባቡርም በአውቶቡስም ዊልስደን ድረስ እየሄደች የምኩራብ ወለል ትወለውል ነበር። የመጀመሪያ ቀን ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ገባች። ሽማግሌው ጠባቂ ሚስተር ሌዊን ጫማዋ ውኃ ያስገባ መስሏቸው ጋዜጣ ሊጠቀጥቁበት አነሡት። «የእግዚአብሔር ቤት ነው ብዬ ነው» ስትላቸው ጫማውን ቦታው መልሰው አኖሩና «እዚህ ማንም አያወልቅም፤ ሙሴ ግን አውልቋል» አሏት። ከዚያ ወዲህ የምትሠራው በካልሲ ነው። ኮቴዋ አይሰማም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እዚያ ቤት ኮቴ ከተሰማ የእሷ አይደለም።

እኔ ዕፀገነት እባላለሁ፤ የሚቸኩል ሰው ዕፄ ይለኛል። ባተርሲ አንድ ላውንደሪ ውስጥ የሆስፒታል አንሶላ እተኩሳለሁ። ስቶክዌል፣ ከአልታየሽ ቤት ሁለት ፎቅ ከፍ ብዬ እኖራለሁ። አመሏ ክፉ ነው ይሉኛል፤ አልዋሹም። ይህን የምጽፈው ግን ሰው ልቦጭቅ ብዬ አይደለም። የምቦጭቀው ሰው ቢኖር ራሴን ነው።

አልታየሽ ደሴ ተወልዳ አዲስ አበባ በታይፒስትነት የሠራች፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትከድን ሴት ናት። እናቷ ስትሞት ታናሽ ወንድሟ ደረጄ አምስት ዓመቱ ነበር፤ እሷ አሥራ ሰባት። አሳደገችው ማለት ያንሳል። የመጣላትን ባል ሁሉ «ልጅ አለብኝ» እያለች መልሳለች። በ1970 ዓ.ም. ደረጄ ዩኒቨርሲቲ በገባ በዓመቱ ወረቀት በትነሃል ብለው አሰሩት። ቀጥሎ እሷን ሊወስዱ ሲመጡ በጎረቤት አጥር ዘልላ አመለጠች። በመተማ ሱዳን ገባች፤ ከሱዳን ለንደን። ወንድሟን ወህኒ ቤት ትታ መውጣቷን ለራሷ ይቅር ብላ አታውቅም።

ካውንስሉ ሁለት መኝታ ያለው ቤት ሲሰጣት ትንሿን ክፍል «የደረጄ» አለቻት። አልጋ አነጠፈች። ማንም ተኝቶበት የማያውቀውን አንሶላ ቅዳሜ ቅዳሜ ታጥባለች። «አቧራ ይይዛል» ትለኛለች ስቆጣት። ወንድሜን ላምጣ ብላ ሆም ኦፊስ አፕላይ አድርጋለች፤ እስረኛ መሆኑን ሲሰሙ ፎርሙን መለሱላት። እሷም እንደገና ሞላችው።

ደብዳቤዋ የሚሄደው በእኔ በኩል ነበር። የአክስቴ ልጅ ወርቅዬ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ትሠራለች። በመንገደኛ እጅ እንልክላታለን፤ እሷ ከስንቅ ጋር አድርጋ ታስገባለታለች። በወር አንድ ደብዳቤ። መልሱ የሚመጣው በቃል ነው፤ «ደህና ነው፣ ሳሉ ትቶታል፣ ካልሲ ላኪልኝ ብሏል»። አልታየሽ ይህችን ይዛ ወር ትከርማለች።

በኅዳር 1975 የወርቅዬ ደብዳቤ መጣልኝ። «ስንቁን መለሱብኝ፤ ልብሱንም ጨምረው ሰጡኝ። ጳጉሜ ሦስት ቀን ተጠርቶ ወጥቷል ነው የሚሉት። ለእህቱ እንዴት እንደምትነግሯት እናንተ ታውቃላችሁ» ይላል። ስንቅና ልብስ ከተመለሰ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን ሕፃን ልጅ ያውቀው ነበር። ደብዳቤውን ይዤ ወደ ጋሽ ባፈና ሮጥኩ። ጋሽ ባፈና የስቶክዌል እድራችን ዳኛ ናቸው፤ በጃንሆይ ጊዜ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠሩ፣ ሁሉን ነገር በሥርዓት ካልሆነ የማይነኩ ሰው። አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መርዶ እንዲህ በደረቁ አይነገርም» አሉኝ። «ቀን ይመረጥለታል። ሰው ይሰበሰብለታል። በማለዳ ነው፣ ከቤቷ ሳትወጣ። እስከዚያ ምላስሽን ያዢ።»

ያዝኩ። መጀመሪያ የገና ጾም ነበር፤ ጾሙ ይፈታ ተባለ። ጾሙ ሲፈታ እሷ የሐሞት ጠጠር ኦፕሬሽን አደረገች፤ ቁስሏ ይሻር ተባለ። ቁስሏ ሲሽር ጋሽ ባፈና ራሳቸው ተኙ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ሞላ፣ ዓመት ከሞላ በኋላ ደግሞ ፍርሃታችን ተለወጠ። «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» ብትለንስ? ከመርዶው ይልቅ ያንን ጥያቄ መፍራት ጀመርን።

እኔስ? በወሩ መጨረሻ በሬን አንኳኩታ ደብዳቤዋን ትሰጠኛለች። አልቀበልም ብል ትጠረጥራለች፤ ስለዚህ ተቀበልኩ። ቁም ሳጥኔ ውስጥ የጫማ ካርቶን አለ፤ እዚያ አስቀመጥኩት። በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ። መልሱንም እኔው እፈጥርላት ጀመር። አንዴ «ብርድ ነው፣ ሹራብ ላኪልኝ ብሏል» አልኳት። ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ውሸት አንዴ አፍ ከለመደ ያለ ልክ ይጣፍጣል መሰለኝ። በሦስት ሳምንት ግራጫ ሹራብ ሠርታ አመጣችልኝ። አጥፌ ከካርቶኑ ሥር ከተትኩት።

ወደ ምኩራቡ ልመለስ። የዊልስደኑ ቤት ራሱ ተራ ነው። ነገር ያለው በስተግራ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የነሐስ ሰሌዳና ከሥሩ ባለው ጥቁር አግዳሚ ላይ ነበር። ሁለቱም የዚያ ቤት አይደሉም። የመጡት ከለንደን በባቡር ሁለት ሰዓት ከምትርቅ አንዲት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ነው። ስሟን አልጽፍም፤ ከማነሷ የተነሣ ሰዎቿ ይታወቃሉ። ታሪኩን ሚስተር ሌዊን ለአልታየሽ የነገሯት እሷ ስትወለውል እሳቸው ሻይ እየጠጡ ነው፤ እሷ ደግሞ አውቶቡስ ላይ ለእኔ።

እዚያች ከተማ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ጨርቅ ተሸክመው በየመንደሩ የሚዞሩ አይሁዶች፣ አንድ ሰዓት ሠሪና አንድ የመርከበኛ ልብስ ሰፊ ሆነው ምኩራብ ሠሩ። ከአንድ ሰፊ ሳሎን አትበልጥም። ጣሪያዋን ሰማያዊ ቀቡት፤ መስኮቶቿን ወደ ባሕሩ አደረጉ። በሙቀቱ ወራት ዋናተኛው ከለንደን ሲጎርፍ ትሞላለች፣ በብርዱ ወራት ነፋሱና እነሱ ብቻ ይቀራሉ። በእነሱ ሥርዓት አሥር ወንድ ካልሞላ ዋናው ጸሎት አይደርስም። ሰውን አንድ ሁለት ብሎ መቁጠር ደግሞ አይወዱም። አሥር ቃል ያለው ጥቅስ አለ፤ በየሰዉ ላይ አንድ አንድ ቃል ይላሉ። ቃሉ ካለቀ ሰው ሞልቷል።

በ1881 እንደ ፈረንጆቹ፣ ማዕበል የተፋውን ሬሳ አንድ ዓሣ አጥማጅ አገኘ። ፊቱ አይለይም። ካፖርቱ ውስጥ ግን በሰም ጨርቅ የተጠቀለለ የጸሎት ነጠላ ነበር። ዓሣ አጥማጁ «የእናንተው ነው» ብሎ በጋሪ አመጣላቸው። ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ለማን እንደሚነገር የሚያውቅ የለም። ቀበሩት። ኋላ የሙታን ሰሌዳ ሲያሠሩም ከወገኖቻቸው ጋር ቦታ ሰጡት። ሰሌዳው ላይ ከያንዳንዱ ስም አጠገብ ትንሽ አምፖል አለች፤ ሰውየው በሞተበት ቀን በየዓመቱ በእጅ ጠምዘዝ ተደርጋ ትበራለች። የእሱ ቦታ ስም የለውም። «እንግዳ» ይላል፤ ከሥሩ የተገኘበት ቀን።

ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ልጆቹ ለንደን ገቡ፣ ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ አለፉ። ዘጠኝ ቀሩ፤ ሚስተር ሌዊን ከዘጠኙ አንዱ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መቼም እንሞክር ብለው በቃላቱ ሲቆጥሩ አሥረኛውም ቃል ሰው አገኘ። ተያዩ፤ ዘጠኝ ናቸው። እንደገና ቆጠሩ፤ ሞላ። ማንም ማንንም አልጠየቀም፣ ጸሎቱን አደረሱ። «አሜን» ሲሉ ከመጨረሻው አግዳሚ አንድ ድምፅ ትንሽ ዘግይቶ ይከተል ነበር አሉ። አራት ዓመት እንዲህ ጸለዩ። ስምንት ሲሆኑ ግን አንድ ቃል ሰው አጥቶ ተረፈ። ቤቱን ዘጉት፤ የጀልባ ሸራ ማከማቻ ሆነ። ሰሌዳውና ያ የመጨረሻ አግዳሚ በአትክልት መኪና ተጭነው ዊልስደን መጡ። ሚስተር ሌዊንም አብረው መጡ።

ይህን ስትነግረኝ «ሽማግሌው ብርድ መቷቸው ይቃዣሉ፤ ብርድ ልብስ ይግዙ» ብዬ ስቄባት ነበር። እሷ አልሳቀችም።

«አግዳሚው አንዳንድ ጠዋት ረጥቦ አገኘዋለሁ» አለችኝ። «ሳደርቀው ጨርቁ ላይ ነጭ ይቀራል። ቀመስኩት፣ ጨው ነው።»

«ጣሪያው ያፈሳላ!»

«የሚያፈስ ጣሪያ ጨው ከየት ያመጣል?»

«የእንግሊዝ ጣሪያ ነዋ፣ ምኑ ይታወቃል?»

ፈገግ አለችና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። «ሰው ያለ ይመስለኛል ዕፄ። አያስፈራም። ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው። ቀና ስል የለም፣ ጎንበስ ስል አለ።» እኔ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመርኩ። በዚያን ሳምንት አሥራ አንደኛውን ደብዳቤ ካርቶኑ ውስጥ ከትቼ ነበር።

በመስከረም 1977 የሚስተር ሌዊን እጅ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ አምፖሎቹን የማብራቱ ሥራ ለአልታየሽ ተሰጣት። ስሞቹን በተራ ጽፈው፣ የእያንዳንዱን ቀን ከራሳቸው አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ለውጠው አንድ ወረቀት ሰጧት። እንግዳው ዘንድ ሲደርሱ ግን አልለወጡትም፤ «እንግዳ፤ አሥራ ሦስተኛ ወር፣ ሦስተኛ ቀን» ብለው ተዉት። የቀረውን እነግራታለሁ ብለው ነው፤ ከዚያ ረሱት። እሷም አልጠየቀችም። አሥራ ሦስተኛ ወር ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ አበሻ የት አለ?

ሐምሌ ላይ ሽማግሌው እግሬ ሳይተኛ የእንግዳውን መቃብር ልይ አሉ። አልታየሽ «አንዱን ክንድ አንቺ ያዢልኝ» አለችኝና ሺፍቴን ለውጬ አብሬ ሄድኩ። ባቡር ላይ ሚስተር ሌዊን በጥሩ ስሜት ነበሩ።

«በእኛ አቆጣጠር አንዳንድ ዓመት አሥራ ሦስት ወር አለው» አሏት።

«በእኛ ሁልጊዜ ነው» አለቻቸው።

«ሁልጊዜ! አይሰለቻችሁም?»

ሳቅን። ወረቀቱ በአልታየሽ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ ሦስታችንም አላሰብነውም።

ከተማዋ ግራጫ ናት። የሸራ ማከማቻው በር ክፍት ስለነበር አንገታችንን አስገባን። ሬንጅ ይሸታል። ከተሰቀሉት ሸራዎች በላይ ሰማያዊው ጣሪያ ቀለሙ እየተላጠ ይታያል። ነፋስ አልነበረም፤ ሸራዎቹ ግን አንዱ ሌላውን ተከትሎ ቀስ ብሎ ይነቃነቅ ነበር፣ ሰው በመካከላቸው እየገፋ እንደሚያልፍ። ሚስተር ሌዊን ባርኔጣቸውን አጥብቀው «እንሂድ» አሉ።

መቃብሩ ኮረብታ ላይ ነው። ድንጋዩ ላይ አንድ ቃልና ቀን ብቻ አለ። ሚስተር ሌዊን እንደ ልማዳቸው ጠጠር አንሥተው አናቱ ላይ አኖሩ። አልታየሽም አንድ ጠጠር አኖረች።

«ማን አለቀሰለት?» አለቻቸው።

«ማንም። ለማን ይነገር? ምናልባት የሆነ አገር አንዲት ሴት መስኮት ላይ ቆማ ስትጠብቀው አርጅታለች።»

«እህት ትሆናለች» አለች አልታየሽ።

ዞር ብዬ ባሕሩን አየሁ። ባሕር ማየት አምሮኝ አይደለም፤ ፊቴን የማደርግበት አጥቼ ነው።

ስንመለስ ሻይ ቤት ገባን። አስተናጋጇ ልጅ አራት ስኒ ይዛ መጣች። «ሦስት ነን» አልኳት፤ በቁጣ፣ አመሌ ነውና። ልጅቷ ደነገጠች። በአልታየሽ ጎን ያለውን ባዶ ወንበር አየች፤ በሩን አየች። «ይቅርታ፣ አብሯችሁ የገባ ሰው ነበር» አለች። የሚስተር ሌዊን ከንፈር ይንቀሳቀሳል። በቃላት እየቆጠሩን እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው። አልታየሽ አራተኛውን ስኒ አልመለሰችም። ሦስት ስኳር ጨምራ አማሰለችው። «ደረጄ ሦስት ነው የሚወደው» አለችኝ፤ አፏን በእጇ ከድና ሳቀች።

በማግስቱ ጋሽ ባፈና ቤት ሄጄ ጮኽኩባቸው። ሽማግሌ አይጮኽበትም፤ እኔ ጮኽኩ። «ከእንግዲህ አንድ ደብዳቤ ብቀበል እብድ እሆናለሁ» አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ። በመጨረሻ «አዲስ ዓመት ሳይገባ ይሁን» አሉ። ጳጉሜ አራት፣ ሰኞ ማለዳ ተቆረጠ። እኔ ዋዜማውን እሑድ አብሬያት እንድውል ታዘዝኩ።

እሑድ ቤቷ ብሄድ የለችም። የአይሁዶቹም አዲስ ዓመት እየቀረበ ስለነበር ነሐስ ልትወለውል ወጥታለች። ሚስተር ሌዊን ከነሐሴ ጀምሮ ሆስፒታል ናቸው፤ ቤቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። ተከትያት ዊልስደን ሄድኩ። ከቀትር በኋላ ነው፤ ደመናው ከመክበዱ የተነሣ ቀን አይመስልም። በሩ ገርበብ ብሏል። ጫማዋ ከደጃፉ ተቀምጧል፤ እኔም የእኔን አጠገቡ አወለቅሁ። ስገባ ከውስጥ የከባድ ጫማ ኮቴ ሦስት አራት እርምጃ ተራመደና ቆመ።

«አልታየሽ?»

«እዚህ ነኝ» አለች።

ጥቁሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፣ በካልሲ። ሌላ ሰው የለም። በላይዋ ሰሌዳው እንዳለ ጨልሟል፤ አንዲት አምፖል ብቻ በርታለች፤ ስም የሌለው ቦታ ላይ ያለችው።

ያን ቀን እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ስሸሸው ኖሬያለሁ። ጳጉሜ ሦስት ነው። ስም የሌለው ሙት መብራት፣ በዚህ ቀን፣ በደረጄ እህት እጅ ተለኩሷል። ሌላ ምን ላስብ? አወቀች አልኩ።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። «ማን ምን ነገረኝ?» ጭኗ ላይ ያለውን ወረቀት አነሣች። «አሥራ ሦስተኛ ወር፣ ሦስተኛ ቀን ይላል። ጳጉሜ ሦስት ዛሬ አይደል? ለእንግዳው አበራሁ...» አለችና ቆመች። ወረቀቱ እጇ ላይ ቀረ። ፊቴን ስታነብ አየኋት፤ ቀስ ብላ፣ ከላይ እስከ ታች፣ እንደምትታይፕ ወረቀት።

«ማን ነገረሽ ነው ያልሽኝ?»

ዓይኔን ወደ በሩ አሸሸሁ።

«ደረጄ ነው?»

ራሴን አቀረቀርኩ።

«መቼ?»

«ጳጉሜ ሦስት» አልኩ። «በሰባ አራት።»

አምፖሏን ቀና ብላ አየቻት። ከንፈሯ ዓመቱን ሲቆጥር ይታያል። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ደረቷን ትመታለች፣ እኔን ትመታለች። እንድትመታኝ ለምኜ ነበር በሆዴ።

«ሹራቡስ?» አለች።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ልቀርባት ስል መዳፏን አነሣችብኝ። ከጎኗ ያለው የአግዳሚው ጫፍ ርሶ ያብረቀርቅ ነበር። እጇን እዚያ ላይ አሳረፈች፤ የሰው ጉልበት እንደሚያዝ አድርጋ ያዘችው።

«ሂጂ ዕፀገነት» አለችኝ። በሙሉ ስሜ ጠርታኝ አታውቅም ነበር።

ሄድኩ። ለጋሽ ባፈና አውቃለች ብዬ መንገር ነበረብኝ፤ አልደፈርኩም። ሰኞ ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አሥራ ሦስት ሰው ሆነን በሯን አንኳኳን። ገና ከማንኳኳታችን ከፈተች። ጥቁር ለብሳለች። ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ጋሽ ባፈና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ አልታየሽ፣ እንግዲህ የሰው ልጅ...»

«ይቀመጡ ጋሽ ባፈና» አለቻቸው። «መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሦስት ዓመት ፈጅቶባችኋል።»

ሁሉም ተቀመጠ፤ እሷ ብቻ ቆመች። እጆቿን አጣምራ ዞር ዞር ብላ አየችን፣ አንድ በአንድ። «የምነግራችሁ አለ» አለች። «አይዟችሁ፣ በርቱ። ወንድሜ ደረጄ አርፏል።» መርዶውን እኛን አረዳችን። መጀመሪያ የፈነዱት ጋሽ ባፈና ናቸው፤ እንደ ሕፃን። ከዚያ ትንሿን ክፍል ከፈተችው፤ የተነጠፈው አልጋ ሥር ተቀምጠን ለሦስት ዓመት ያጠራቀምነውን አለቀስን። እሷም ያኔ ነው ያለቀሰችው።

በሳምንቱ ሚስተር ሌዊን ዘንድ ሆስፒታል ሄደች፤ ስለ መብራቱ ልትናገር። ሲሰሙ በጣታቸው ቆጠሩ። «ተሳስተሻል» አሏት። «የእኛ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚመጣው ከክረምቱ ብርድ መጨረሻ ነው፤ ያውም በአንዳንድ ዓመት ብቻ። ዘንድሮ አልነበረንም። ቀኑ የካቲት ላይ አልፏል፤ እኔ ራሴ ረስቼዋለሁ። ከመቶ ዓመት ወዲህ ሲዘነጋ የመጀመሪያው ነው።» ይቅርታ ልትጠይቃቸው ስትል «አንቺ ለምን ጥቁር ለበስሽ?» አሏት። ነገረቻቸው። «ቀኑን አትቀይሪው» አሉ። «መቶ ዓመት ሙሉ የሚነገርለት ሰው አጥቶ ኖረ። አሁን እህት አገኘ።»

ጥቅምት ላይ፣ መርዶው አርባ ሲሞላው፣ አልታየሽ በሬን አንኳኳች። እስከዚያ ቀን ደረጃ ላይ ብንገናኝም አታናግረኝም ነበር።

«ካርቶኑን ያዢና ነይ» አለችኝ።

በአውቶቡሱ ካርቶኑን ጭኔ ላይ ይዤ ሄድኩ። ምኩራቡ ውስጥ ጥቁሩ አግዳሚ ላይ እሷ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ተቀመጥን፤ መካከሉ ባዶ ነው። አምፖሎቹ ሁሉ ጠፍተዋል። ግራጫውን ሹራብ ከእጄ ወስዳ በመካከላችን አጥፋ አኖረችው።

«አድርሻለሁ ብለሽኝ የለ?» አለች። «አሁን አድርሺ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢለት።»

ሠላሳ ሦስት ደብዳቤ ነው። ስለ በረዶ፣ ስለ አንሶላው፣ ስለ ሆም ኦፊስ ፎርም፣ ጫማ አውልቃ ስለምትገባበት ቤት ጽፋለታለች። ውኃ እየጠጣሁ አነበብኩ። እሷ ዓይኗን ሹራቡ ላይ ተክላ ትሰማለች። የመጨረሻውን ስከፍት መጨረሻ መስመሩን አስቀድሜ አየሁትና ወረቀቱን መልሼ አጠፍኩት።

«አንብቢው» አለች።

«አልታየሽ፣ በእናትሽ...»

«አንብቢው።»

አነበብኩት። «ዕፄ ደብዳቤዬን አንድ ቀን ሳትሰለች ታደርስልኛለች። ስትወጣ መጀመሪያ የእሷን እጅ ትስማለህ። እግዚአብሔር የሥራዋን ይስጣት።»

እኔ አፌን በእጄ ከደንኩ። አልታየሽ ከንፈሯን አላንቀሳቀሰችም። ከመካከላችን፣ ሹራቡ ካለበት፣ ትንሽ ዘግይቶ አንድ ድምፅ «አሜን» አለ።